የአራሾቹ ሦስት ቁጥር፦ የአቶ ሩፈስ ጋድስደን ዜና ሕይወት

የተወደዳችሁ የቤተል ክሮስ አዲስ ተስፋ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ከቤተሰቡ ጎን የተቀመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ፤ በዛሬ ጊዜ የሟች ታሪክ በወረቀት ታትሞ፣ ከላዩ «በጸጥታ ይነበብ» ተብሎበት፣ ኦርጋን ለስለስ ብሎ እየተመታ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ የሚያነበው ሆኗል። ይህኛው ግን በድምፅ ይነበባል። መጋቢያችን በትሕትና «እህት ኤርነስቲን፣ እባክዎን ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፍ» ብለው ነበር፤ ይህን ጽፋ የምታነብላችሁ የሟች ታላቅ እህት ኤርነስቲን ግን ሠላሳ አራት ዓመት በመምህርነት የኖረች ሴት ናት፣ ሁለት ደቂቃ የክፍሏን ልጆች ስም ጠርታ ለመጨረስ እንኳ በቅቷት አያውቅም፤ ስለዚህ ማራገቢያችሁን ያዙና ታገሡ። ደግሞም ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀድዳ ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች፤ ድምፅዋ ቢቆራረጥ በእርጅና አታሳብቡ።

አቶ ሩፈስ ጋድስደን ከአባታቸው ከአቶ ኢሳው ጋድስደንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፐርሊ ጋድስደን፣ በደቡብ ካሮላይና በዚችው በቤተል ክሮስ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1956 ተወለዱ። አባታቸው በጥጥ ፋብሪካው ግቢ የጥጥ ጥቅል የሚያወርዱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ የሰው ልብስ እቤት ድረስ እያስመጡ ያጥቡና ይተኩሱ ነበር፤ ልጆቻቸውም ነጭን ከቀለም መለየትን፣ እድፍን በምን ማስለቀቅ እንደሚቻል፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ተምረውታል። የቀን ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ከፋብሪካው በር ይሰለፋል፤ አለቃው ወጥቶ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ በጣቱ ይጠቁማል፤ ጣት ያልደረሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሩፈስ በስድስት ዓመታቸው የአባታቸውን ምሳ ተሸክመው በተከተሉበት አንድ ቀን ያ ጣት አባታቸውን ዘሎ ሲያልፍ አዩ፤ ከጣቱ ይልቅ ግን አባታቸው ዘወር ብለው ልጃቸውን ሲያዩ የነበረውን ፊት አዩ። ያንን ፊት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

ከዚያ በኋላ ሥጋት የማይለያቸው ልጅ ሆኑ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ለገና ትርኢት ልጆች ስትመርጥ ሩፈስ ዐይናቸውን ከጣቷ አይነቅሉም ነበር፤ ተመርጠውም እረኛ ከሆኑ በኋላ «ሐሳቧን ብትለውጥስ?» እያሉ እስከ ገና ዋዜማ ቤቱን ያስጨንቁት ነበር። እናታቸው «ይሄ ልጅ መንግሥተ ሰማያት ቢገባም ትኬቴን አሳዩኝ ይላል» ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ግን ለሥጋታቸው ማረፊያ አንድ ነገር ሰጣቸው፤ እርሱም ቅርጫት ኳስ ነበር። ከቤታችን ጓሮ ካለው የትምባሆ ማድረቂያ ጎጆ ግድግዳ ላይ የበርሜል ቀለበት ተመትቶ ነበርና፣ ሩፈስ ኳሷን ሲያነጥሩ ብቻ ትንፋሻቸው ይረጋጋል፣ ትከሻቸው ይወርዳል። በቁመት አጭር ስለነበሩ ገና ከልጅነታቸው የጋርድነት ቦታ ደረሳቸው፤ ጋርድ ማለት ኳሱን ከኋላ ይዞ የሚያመጣ፣ ሜዳውን ሁሉ የሚያይ፣ ራሱ ከማግባት ይልቅ ረጃጅሞቹ የሚያገቡትን የሚያቀብል ነው። ለሚሠጋ ሰው ተስማሚ ሥራ ነው፤ ከሁሉ በፊት አደጋውን ያያልና።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በካውንቲው ትምህርት ቤት እንዳጠናቀቁ፣ በ1974 ገለዓድ ኮሌጅ የተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ስለ ኳሳቸው ብሎ በነጻ ሊያስተምራቸው ተቀበላቸው። ነጻ ትምህርቱ በየዓመቱ በሰኔ በሚላክ ደብዳቤ የሚታደስ ነበር፤ ስለዚህ ሩፈስ ሦስቱንም ክረምት የፖስታ ሳጥኑ ሥር ተተክለው አሳለፉ፤ ፖስተኛው መንገድ መሄድ አቅቶት «ስማ ሩፈስ፣ ደብዳቤው ቢመጣ እኔው ራሴ እየሮጥኩ አመጣልሃለሁ፤ አሁን ግን ከፊቴ ዞር በል!» እስከ ማለት ደረሰ። ደብዳቤው ሦስቱንም ጊዜ መጣ። በገለዓድ ሦስተኛና አራተኛ ዓመታቸውን በአምበልነት መሩ፣ በኮሌጁ ታሪክ እንደ እርሳቸው ብዙ ኳስ ያቀበለ አልነበረም፣ በ1978ም በታሪክ ትምህርት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ለምርቃቱ የመጡት እናታቸው ጮክ ብለው «የኔ ነው! የኔ ነው!» ሲሉ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ንግግራቸውን አቋርጠው ሳቁ።

በዚያው ሰኔ ታላቁ ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ ከሁለት መቶ በላይ ስም ተጠራ፤ የሩፈስ ጋድስደን ስም አልተጠራም። በዚያ ቀን ከስልኩ አጠገብ የተቀመጡት ከቁርስ ጀምሮ ነበር፤ ጎረቤት ወይዘሮ ሉላ ስለ ቃሪያ ማስቀመጫ ማሰሮ ልትጠይቅ ብትደውል «ስልኩን ዝጉ!» ብለው ጮኹባት፤ ሩፈስ በትልቅ ሰው ላይ ሲጮሁ የተሰማው በዕድሜያቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከሰሜን ዳኮታ፣ ኖርድ ፎልስ ከምትባል ከተማ ካለ «አራሾቹ» ከተባለ ቡድን መጥተው ራሳቸውን እንዲያሳዩ ጥሪ መጣላቸው። አራሾቹ በትንሹ ሊግ የሚጫወቱ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በዚያ የሚጫወት ሁሉ አንድ ዐይኑ ኳሱ ላይ አንድ ዐይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ ከታላቁ ሊግ «የአሥር ቀን ውል አለህ፣ ና» የሚል ጥሪ ይመጣል ብሎ ይኖራል። እናታቸው የተጠበሰ ዶሮና የስኳር ድንች ኬክ በጫማ ካርቶን ሞልተው ሰጧቸው፤ እህታቸው ኤርነስቲን ከመጀመሪያ ደመወዟ ካፖርት ገዛችላቸው፤ ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው ደረሱ።

በኖርድ ፎልስ ሜዳው የበረዶ ሆኪ ሜዳ ነበር፤ የጨዋታ ቀን በረዶው ላይ ሳንቃ ይነጠፍና ቅርጫቱ ይቆማል፤ ቅዝቃዜው ከሳንቃው ሥር በጫማ አልፎ ጥርስ ድረስ ይመጣል። ሩፈስ ይህን ሁሉ ቻሉት፤ ያልቻሉት ማክሰኞን ነበር። በአራሾቹ ዘንድ ሰው ሲባረር አሰልጣኙ አይናገሩም፤ ደብዳቤም የለም። ሰኞ ይወስናሉ፤ ለወጌሻው ለአቶ ኦስካር ሊንድ ቁጥሩን ይነግሯቸዋል፤ አቶ ሊንድ ቁርጭምጭሚት የሚጠቀልሉ፣ አውቶቡሱን የሚነዱ፣ ማሊያ የሚያጥቡ አንድ ብቸኛ ሰው ነበሩና፣ ማክሰኞ ጠዋት የታጠቡትን አሥር ማሊያዎች በየመስቀያቸው ሲሰቅሉ የዚያን ሰው ሳይሰቅሉ ይተዋሉ። ባዶ መስቀያ ያየ ሰው ጫማውን አንሥቶ ይወጣል። የቀሩት ቀና ብለው አያዩትም፤ ደኅና ሁን እንኳ አይሉትም፤ ክፋት አይደለም፣ መባረር እንደ ጉንፋን የሚጋባ ይመስላቸው ስለ ነበር ነው። ሩፈስ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሁሉ ቀድመው ይደርሱና መልበሻ ክፍሉ በር ላይ እጀታውን ይዘው ይቆማሉ፤ መግባት አይችሉም፣ መሄድም አይችሉም። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ሰው በዚያ በር ወጣ። ለእህታቸው በጻፉት ደብዳቤ ላይ «እትዬ፣ ክብደቴ ቀንሷል፣ ለእማ አትንገሪ፤ ሦስት ቁጥር ግን እስካሁን ተሰቅሏል» ይላል፤ ሦስት ቁጥር የእርሳቸው ማሊያ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ከዲትሮይት ዴልበርት ሆስኪን መጡ፤ አሥራ አራት ቁጥር፣ እርሳቸውም ጋርድ፣ ግን ረዥም። ሁለቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ኖርዌያዊት ቤት ሥር ያለውን ምድር ቤት በጋራ ተከራዩ። አቶ ዴልበርት ሲበሉም ሲለብሱም የሚያዜሙ፣ በሁሉም ነገር የሚቀልዱ ሰው ነበሩ፤ ሩፈስ ሲጨነቁ ሲያዩ «አንተ የገጠር ሰው፣ አንተ እኮ ነገ ፀሐይ ባትወጣስ ብለህ ፋኖስ ይዘህ የምትተኛ ነህ!» ይሏቸው ነበር፤ ሩፈስ ደግሞ «ፀሐይዋን ተዋት፣ የቤት ኪራዩን አስብ» ይላሉ። ወንድም ያልነበራቸው ሩፈስ ወንድም አገኙ ብንል ማጋነን አይሆንም። እናታቸው በስልክ «ያ ዘፋኙ ልጅ በልቷል?» ብለው ሳይጠይቁ አይዘጉም ነበር።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአቶ ሊንድን ጣቶች ሪህ ያዛቸውና ማሊያ መጭመቅ አቃታቸው። ሩፈስ ወዲያው «እኔ አጥባለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ለጥቂት ጉርሻ ብለው መስሎት ነበር፤ አቶ ዴልበርትማ «እማማ አጣቢዋ! የኔን ካልሲ ከዚያ ጫማው ከሚሸተው ሰውዬ ካልሲ ጋር እንዳትቀላቅይብኝ» እያሉ መልበሻ ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የሚያጥበው ሰው ቁጥሩን ከሁሉ ቀድሞ ሰኞ ከሰዓት ይሰማል፤ ሩፈስ ያንን እጀታ ይዞ መቆም እንዲቀርላቸው ብለው ነው። ወይ ጉድ! ከአንድ ፍርሃት ሊሸሹ ብለው ሌላ ፍርሃት ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲያ የሚባረረውን ሰው ከሰኞ ጀምሮ እያወቁ አብረውት ራት ይበላሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ዘጠኝ ማሊያ በገዛ እጃቸው ሰቅለው አንድ መስቀያ ባዶ ይተዋሉ፤ ከዚያም ማጠቢያ ክፍል ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ።

በየካቲት 1980፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ አቶ ሊንድ የማሊያውን ከረጢት ይዘው መጡና «አሥራ አራት ቁጥሩን ተወው» አሉ። ሩፈስ «የቱን?» ብለው ጠየቁ፤ ደንቁረው አልነበረም። አቶ ሊንድም ከረጢቱን አስቀምጠው ሄዱ። በዚያ ምሽት በምድር ቤቱ አቶ ዴልበርት ሾርባ ሠርተው ከወትሮው ይበልጥ ቀለዱ፣ ከወትሮው ይበልጥ አዜሙ፤ ሩፈስ ማንኪያውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። «ምን ሆንክ?» ሲባሉ «ጨው በዝቶበታል» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ሄደው ዘጠኙን አጠቡ፤ አሥራ አራት ቁጥር ከልብስ ቅርጫቱ ውስጥ ቀረ፤ ወጡ፣ ተመለሱ፣ ከዚያም እርሱንም አጠቡት። አሥሩንም ሰቀሉ። ለምን እንዳደረጉት ኋላ ይነገራል፤ ያን ጊዜ ግን እጃቸው እንጂ እርሳቸው ያደረጉት አልመሰላቸውም።

በዚያን ዕለት ቡድኑ ሦስት መቶ ማይል ርቆ ሊጫወት ተነሣ። አቶ ዴልበርት ማሊያቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ተሸክመው አውቶቡሱ ላይ ወጡ። አሰልጣኙ አዩአቸው፣ ከዚያ አቶ ሊንድን አዩ፤ አቶ ሊንድ መስተዋት ውስጥ ሩፈስን አዩ። ሩፈስ ትንፋሻቸውን ይዘው የጫማቸውን ጫፍ ተመለከቱ። አቶ ሊንድ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ «ኮች፣ አዲሱን ልጅ በረዶ ይዞታል፤ አውሮፕላኑ አልተነሣም» አሉ፤ ይህም እውነት ነበር፤ አዲሱ ልጅ በአቶ ዴልበርት ቦታ እንዲገባ የተቀጠረው ነው። አሰልጣኙ «እንግዲያው ይምጣ፣ ወንበር ያሙቅ» ብለው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። መንገድ ላይ ሁለት ልጆችን ጉንፋን ጣላቸው፤ ሦስተኛው ገና በሁለተኛው ሩብ በጥፋት ብዛት ወጣ፤ ወንበር እንዲያሞቁ የመጡት አቶ ዴልበርት ገቡና ሠላሳ ሦስት ነጥብ አስቆጠሩ። ከሠላሳ ሦስቱ አብዛኛውን ኳስ ያቀበሏቸው ሩፈስ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሃያ ስምንት፣ ቅዳሜ ሠላሳ አንድ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አበው። በረዶው ሲቀልጥ አዲሱ ልጅ ደረሰ፤ በዝርዝሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ሆነ፣ ሊጉ የሚፈቅደው ደግሞ አሥር ነው። በቀጣዩ ሰኞ አቶ ሊንድ ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆሙና ሦስት ጣታቸውን አነሡ። አሰልጣኙ ነገሩን ደርሰውበት ይሁን ወይስ በቁመት ለክተው ብቻ ይሁን እግዚአብሔር ይወቀው። ሩፈስ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ቁጥርን ይዘው ብዙ ቆሙ፤ «ለሰው ያደረግሁትን ለራሴ ባደርገው ምናለ?» ብለው አሰቡ፤ ግን ለራሳቸው ድፍረት አልነበራቸውም። ሳያጥቡት አጥፈው በቁም ሳጥን አስቀመጡት። የአዲሱን ልጅ ሰቀሉ፣ የአቶ ዴልበርትን ሰቀሉ፣ የሁሉንም ሰቀሉ፣ የራሳቸውን መስቀያ በገዛ እጃቸው ባዶ ተዉ። ከዚያም ማጠቢያ ክፍል ገብተው በግድግዳው በኩል አዳመጡ። ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ፤ አቶ ዴልበርት እያዜሙ ገቡ፤ ወዲያው ዜማው ቀጥ አለ። ሩፈስ ሁሉም ወደ ሜዳ እስኪወጡ ጠበቁና ጫማቸውን ይዘው በኋላ በር ወጡ፤ የባለሙያ ኳስ ዘመናቸውም በዚያ ተፈጸመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከታላቁ ሊግ ስልክ ተደወለ፤ አቶ ዴልበርት ሆስኪን የአሥር ቀን ውል ፈርመው ስድስት ዓመት ቆዩ።

አቶ ሩፈስ ወደ ቤተል ክሮስ ተመልሰው አንድ ክረምት ሙሉ ከስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አባታቸው «ልጄ፣ ስልክ ተክለህ አታበቅለውም» አሏቸውና ተነሡ። በካውንቲው ትምህርት ቤት በታሪክ መምህርነት ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1983 በዚችው ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ወንበር የምታስይዘውን ወይዘሪት ቬርኒስ ብሩንሰንን አገቡ፤ ሊጠይቋት ሁለት ዓመት ፈሩ፤ በመጨረሻ እርሷው «ወንድም ሩፈስ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ከሚያዩኝ ለምን ምሳ አይበሉም?» ባትላቸው ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበሩ። ዮላንዳንና ቴረንስን ወለዱ፤ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው በነቁ ቁጥር አባታቸው በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲቆጥሩ ያገኟቸው ነበር።

የትምህርት ቤቱንም የሴት ልጆች ቡድን አሰለጠኑ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ቡድኑ ስምንት ዓመት በተከታታይ ተሸነፈ፤ ምክንያቱም አሰልጣኝ ጋድስደን ለሙከራ የመጣችውን ሴት ልጅ ሁሉ ተቀብለው አንዲትም አላሰናበቱም፤ ኳስና ሐብሐብ የማትለየዋም ሳትቀር ሃያ ሦስት ልጅ ወንበሩን ሞልቶ ይቀመጥ ነበር። ርእሰ መምህሩ «ሩፈስ፣ ይሄ ቡድን ነው ወይስ መዘምራን?» ቢሏቸው «ማሊያ ካነሰ እኔ አሰፋለሁ» ብለው መለሱ። ደግነት ነው ያሉ ነበሩ፤ እህታቸው ግን እውነቱን ታውቃለች፤ ፍርሃት ነበር።

አቶ ዴልበርት በየወሩ ሳይደውሉ ቀርተው አያውቁም። ስልኩ ላይ ድምፃቸው ሲሰማ ሩፈስ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ያወሩ ነበር፤ ወይዘሮ ቬርኒስ «ከባልንጀራህ ጋር ነው የምታወራው ወይስ ከግብር ሰብሳቢ?» ይሏቸዋል። የሩፈስ ጭንቀት ይህ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ምናልባት አቶ ሊንድ፣ ምናልባት ያ አሰልጣኝ፣ ለዴልበርት «አንተ እኮ ያኔ ተባረህ ነበር፤ ማሊያህን የሰቀለልህ አጣቢው ነው» ቢላቸው፣ ያ ስድስት ዓመት ሁሉ፣ ያ ስም ሁሉ ለአጣቢው እጅ ተቆጥሮ የዴልበርት ክብር ይወድቃል ብለው ይሠጉ ነበር። አንድ ጊዜ አቶ ዴልበርት ለጋዜጣ «በሕይወቴ ከቡድን ተባርሬ አላውቅም» ማለታቸውን ባነበቡ ጊዜ ጋዜጣውን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደበቁት፣ ለሦስት ቀን ያገኛቸውን ሰው ሁሉ ፊት እየመረመሩ ዋሉ። አቶ ሊንድ ማረፋቸው ሲሰማም አለቀሱ፣ ከለቅሷቸውም መሐል «ተመስገን» ብለው ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከስድስት ዓመት በፊት ኩላሊታቸው ታመመና በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ጀመሩ። ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው ታላቅ እህታቸው ነበረች፤ ከመኪናው ውስጥ ሆነው አንድ ረቡዕ ጠዋት እስካሁን የሰማችሁትን ሁሉ ነገሯት። እህታቸው «አንተ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ጽድቅ ነው!» ብትላቸው ተቆጡ። «እትዬ፣ አዝኜለት አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ባዶውን መስቀያ ካየ በኋላ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እንደ አባባ ያየኛል። ያንን ፊት ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም። ስሞት በወረቀቱ ላይ ጻድቅ እንዳታደርጊኝ። ለዴልበርት ደግሞ እንዳትነግሪው፣ በእማ ይዤሻለሁ» አሏት። እህታቸውም በእናቷ ስም ማለች። አቶ ሩፈስ ባለፈው እሑድ ሕዳር 13 ቀን 2022፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ ዐረፉ።

እህታቸው ታሪካቸውን ስትጽፍ፣ ቃሏን ጠብቃ፣ ስለዚያ ዘመን «ሁለት ዓመት በሰሜን ዳኮታ ተጫውተዋል» ብላ ብቻ አለፈች። ሐሙስ ከሰዓት አስከሬኑ ለስንብት በተቀመጠበት ቤት አንድ ረዥም ሽማግሌ በዱላ ተደግፈው ገቡ፤ ሳጥኑ አጠገብ ብዙ ቆሙ፤ ከዚያም ወረቀቱን ተቀብለው በመነጽራቸው አነበቡና ያንን ዓረፍተ ነገር በጣታቸው እያሳዩ «እህቴ፣ እዚህ ጋ አጠረ» አሉ። እህታቸው «ያለው እሱ ነው» ብላ ዋሸች። አቶ ዴልበርት ሆስኪንም ተቀመጡና ነገሯት።

በዚያ ሰኞ ከሰዓት አቶ ሊንድ ልማዱን ጥሰው ለአቶ ዴልበርትም ነግረዋቸው ነበር፤ «ነገ በረዶው መንገድ ሊዘጋ ነው፣ የጠዋቱን አውቶቡስ ያዝ» ብለው። አቶ ዴልበርት ለእናታቸው ደውለው መምጣታቸውን ነገሩ፤ ለሩፈስ ለመንገር ግን አፈሩ። ያ ሁሉ ቀልድና ዘፈን በሾርባው ላይ የሆነው ለዚህ ነበር፤ ሁለቱም እያወቁ፣ አንዱ ሌላው የማያውቅ መስሎት፣ አንድ ገበታ ላይ ቀረቡ። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ዴልበርት ሻንጣቸውን ሸክፈው፣ ሰው ሳይመጣ ጫማቸውን ሊወስዱ ቢገቡ አሥራ አራት ቁጥር ተሰቅሏል፤ ገና እርጥብ ነው። የሚያጥበው ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። «ለበስኩት። ልጠይቀው ፈራሁ፤ ብጠይቀው አውልቅ የሚለኝ መሰለኝ። በሳምንቱ የሱ መስቀያ ባዶ ሲሆን ደግሞ ገባኝ፤ ወዲያው ገባኝ። ከግድግዳው ጀርባ እንዳለ አውቅ ነበር። ሄጄ በሩን ማንኳኳት ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ፤ ፈታሁና እንደገና አሰርኩ። አርባ ሁለት ዓመት የምደውልለት ይህን ልነግረው ነበር፤ ስለ አየሩ ጠባይ አውርተን እንዘጋለን» አሉ። ከዚያም ኤርነስቲንን «እሱ ያውቅ ነበር? ማወቄን ያውቅ ነበር?» ብለው ጠየቋት። አያውቁም ነበር። ይህን ስትነግራቸው ያ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ጮኸው አለቀሱ፤ ሲረጋጉም «ሰው ሁሉ ይስማው፤ ጻፊው» አሏት። ስለዚህ እህታቸው መሐላዋን አፍርሳለች፤ ወንድሟ ቅር ቢላቸው በዚያኛው ቤት ሲገናኙ ይውቀሷት።

አቶ ሩፈስ ጋድስደን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቬርኒስን፣ ልጃቸውን ዮላንዳንና ባለቤቷን፣ ልጃቸውን ቴረንስን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውን ኤርነስቲንን፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሯቸውን ልጆች፣ ከቡድናቸው ያላሰናበቷቸውን ሴቶች ሁሉ፣ እንዲሁም በፊተኛው ወንበር ከቤተሰቡ ጋር የተቀመጡትን ወንድማቸውን አቶ ዴልበርት ሆስኪንን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ ቤቱ ድረስ እየመጣችሁ፣ ምግብ እያመጣችሁ፣ ከጎኑ ለቆማችሁ ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል። ስማቸውን ሳይጠራ የማያልፈው የምሕረት አምላክ፣ «እኔስ ተመርጬ ይሆን?» ብለው ደጅ ሳይቆሙ፣ የአገልጋዩን የሩፈስን እጅ ይዞ ያስገባልን። እኛንም ለወንድማችን የምንናገረውን ነገር ወንድማችን በሕይወት ሳለ እንድንናገር ልብ ይስጠን። አሜን።